ከቤታችሁ ፊት ያለው ዛፍ የማን ነው? ሒሳቡስ?

አሜሪካ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው በክሎዚንግ ቀን፣ ማለትም ውሉ ተጠናቆ ቤቱን በሚረከብበት ቀን፣ እጁ እስኪዝል ይፈርማል። የሞርጌጁን፣ የታክሱን፣ የኢንሹራንሱን ነገር ሁሉም ደጋግሞ ይነግረዋል። ከቤቱ ፊት፣ በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ስለቆመው ዛፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሳ የለም። ዛፉ የሚነሳው ሲደርቅ ነው። ወይ ቅርንጫፉ መኪና ላይ ሲወድቅ፣ ወይ ደግሞ ሥሩ ኮንክሪቱን ወደ ላይ ገፍቶ መንገደኛ ሲደናቀፍበት። ያን ጊዜ ከከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው ላይ ያለው ስም የቤቱ ባለቤት ስም ነው።

«ዛፉን እኮ እኔ አልተከልኩትም» ነው የመጀመሪያው መልስ። እውነት ነው። በብዙ ከተሞች ግን አያዋጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ከተማ መንገድ አስፋልቱ ዳር ላይ አያበቃም። ከአስፋልቱ ቀጥሎ ያለው ጠባብ ሣር፣ ከዚያ የእግረኛ መንገዱ፣ አንዳንዴም እናንተ ሣሩን የምታጭዱት የግቢያችሁ ጠርዝ ሳይቀር የመንገድ ክልል ነው። ቤቱን ስትገዙ የተሰጣችሁ የቦታ ፕላን ካለ መስመሩን አውጥታችሁ እዩት። ከመስመሩ ወዲያ የቆመው ዛፍ የመንገድ ዛፍ ይባላል። ያለ ፈቃድ አትቆርጡትም። ያለ ፈቃድ አዲስ አትተክሉበትም። ሥሩንም አትነኩም። እስከዚህ ድረስ ከተሞቹ ከሞላ ጎደል ይስማማሉ። የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። ማን ይከርክመው? ሲሞት ጉቶውን ማን ያውጣው? በምትኩ ማን ይትከል? ማን ይክፈል?

የራሴን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር። መከርከሙ፣ አደገኛውን መቁረጡና ሥር ያነሳውን የእግረኛ መንገድ መጠገኑ የከተማው ሥራ መሆን አለበት። የሚከፈለውም ከሁላችንም ግብር ነው። ለቤቱ ባለቤት መተው ያለበት ውኃው ነው። አሁን ያለው ሥርዓት በብዙ ቦታ ከዚህ የራቀ ነው። ይህን ሳያውቅ ቤት የገዛ ወገናችን ደግሞ ብዙ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከጠንካራው ጫፍ እንጀምር። ካሊፎርኒያ ውስጥ የእግረኛ መንገድ ጥገና በግዛቱ ሕግ ከፊቱ ባለው ቤት ባለቤት ላይ የተጣለ ነው። ሳን ሆዜ ከዚህም አልፋ ሄዳለች። እዚያ ከቤታችሁ ፊት ያለውን የመንገድ ዛፍ መንከባከብ የእናንተ ግዴታ ነው። ሲያድግ ታስከረክማላችሁ፣ ሲሞት ፈቃድ አውጥታችሁ ታስቆርጣላችሁ፣ በምትኩ ሌላ ትተክላላችሁ። ኮንክሪቱን ካነሳው ኮንክሪቱንም ታሠራላችሁ። በዚህ ብቻ አያበቃም። ባልተጠገነ የእግረኛ መንገድ ላይ ሰው ወድቆ ቢጎዳ ተጎጂው የቤቱን ባለቤት መክሰስ እንዲችል ከተማዋ ደንብ አወጣች። ደንቡ በፍርድ ቤት ተሞገተ። በ2004 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «ይጸናል» አለ። ስለዚህ ሳን ሆዜ ውስጥ የዛፉ መሬት የሕዝብ ነው፣ ፈቃዱ የከተማው ነው፣ ወጪውና ተጠያቂነቱ ግን የእናንተ ነው። እኔ ይህን አከፋፈል ፍትሐዊ ብዬ ልቀበለው አልችልም። ሥልጣን ያለው አካል ወጪውንም ሊካፈል ይገባል።

ሲያትል መሃል ላይ ናት። የሲያትል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ራሱ የሚንከባከባቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች አሉ። አብዛኞቹ የመንገድ ዛፎች ግን የሚተዳደሩት ከፊታቸው ባለው ቤት ባለቤት ነው። ሁለት ዛፎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ የከተማው፣ ሌላው የእናንተ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለይም። መሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠው የመንገድ ዛፎች ካርታ አለ። አድራሻችሁን ፈልጋችሁ ዛፉን ስትጫኑት ተንከባካቢው ማን እንደሆነ ያሳያችኋል። ሬኒየር ቫሊ ወይም ቢከን ሂል ቤት ያላችሁ ዛሬውኑ እዩት፤ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ዴንቨር ወደ ሳን ሆዜ ትጠጋለች። እዚያም ከቤቱ ፊት ያለው የመንገድ ዛፍ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። የከተማው የዛፍ ተቆጣጣሪዎች ዞረው ያያሉ፤ የደረቀ ወይም አደገኛ ካገኙ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ዴንቨር ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፦ አሽ የሚባለው ዛፍ። ይህን ዛፍ የሚገድለው አረንጓዴ ጢንዚዛ ከእስያ መጥቶ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ተገኘ። በ2013 ቦልደር፣ ኮሎራዶ ደረሰ። በዴንቨርና በዙሪያዋ ወደ 1.45 ሚሊዮን የሚሆን አሽ እንዳለ ይገመታል። ጢንዚዛው የገባበት ዛፍ ካልታከመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደርቃል። የደረቀ አሽ ቶሎ ይሰባበራል፣ ለቆራጩም አደገኛ ነው፣ ስለዚህ ዋጋው ይንራል። በጊዜ የተደረሰበት ግን በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ግንዱ ላይ በሚወጋ መድኃኒት ይተርፋል። ከተማው የመንገድ አሾችን በነፃ የሚያክምበትና የሚተካበት ዘመቻ አለው። አውሮራም ሆነ ዴንቨር ያላችሁ፣ ከቤታችሁ ፊት ያለው አሽ መሆን አለመሆኑን ደርቆ ከመታየቱ በፊት እወቁ።

ዋሽንግተን ዲሲ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ናት። ዲሲ ውስጥ የመንገድ ዛፍ የከተማው ነው፣ ሥራውም የከተማው ነው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የከተማ ደን ክፍል ይተክላል፣ ይከረክማል፣ የሞተውን ያነሳል፣ ጉቶውን ይፈጫል፣ በምትኩ ይተክላል። ከእናንተ የሚጠበቀው 311፣ የከተማው አገልግሎት መጠየቂያ ስልክ ላይ፣ ደውሎ ማሳወቅና አዲስ የተተከለውን ውኃ ማጠጣት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በካውንቲው መንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች የሚንከባከበው ካውንቲው ነው። ሜሪላንድ ከ1914 ጀምሮ የመንገድ ዳር ዛፎች ሕግ አላት፤ ለመከርከም እንኳን ከግዛቱ የደን አገልግሎት ፈቃድ ያስፈልጋል። እንግዲህ ከሲያትል እዚሁ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የተዛወረ ሰው በአንድ ጊዜ ከባለዕዳነት ወደ ተመልካችነት ይሸጋገራል። አገሩ አንድ ነው፣ ዛፉም ያው ሜፕል ነው። የሚለያየው ደንቡ ብቻ ነው።

የሳንፍራንሲስኮ ጉዳይ

ሳንፍራንሲስኮ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ይህች ከተማ ሁለቱንም መንገድ ሞክራለች።

በፊት እዚያ የዛፎቹ ባለቤትነት የተቀያየጠ ነበር። አንዳንዱን መንገድ ከተማው ይንከባከባል፣ አብዛኛውን የቤት ባለቤቶች። የበጀት ችግር ሲመጣ ከተማው መፍትሔ ያለውን አገኘ። ከ2011 ጀምሮ እሱ ይንከባከባቸው የነበሩትን በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ደረጃ በደረጃ ለቤት ባለቤቶች ማስረከብ ጀመረ። በዛፉ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ በፖስታ ማሳወቂያ ይመጣል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዛፉ የናንተ ዕዳ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ወጪ ቀነሰ። መንገድ ላይ ግን ሌላ ሆነ። ብዙ ዓመት ሳይከረከም የቆየ ዛፍ ነው ለሰዉ የተሰጠው። በተለይ ፋይከስ የሚባለው፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነው ዛፍ፣ ሲያረጅ ትልልቅ ቅርንጫፎቹ ይሰነጠቃሉ። ሥሩም ኮንክሪት ይፈነቅላል። እንዲህ ያለውን ዛፍ በባለሙያ ማስከርከም ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ጡረታ የወጣች መበለትና የቴክኖሎጂ ኩባንያ መሐንዲስ እኩል ሒሳብ ይመጣባቸዋል። ያለው ያስከረክማል። የሌለው ይተወዋል፣ ወይ ርካሽ ሠራተኛ ቀጥሮ ቅርንጫፎቹን አስጨፍጭፎ ይሄዳል። አዲስ ዛፍ ከቤቱ ፊት እንዲተከል ሲጠየቅም «ይቅርብኝ» ይላል። ማን ይፈርድበታል? ችግኝ ሳይሆን የወደፊት ሒሳብ ነው የሚተከልበት።

በ2016 ኅዳር ወር ምርጫ ላይ ፕሮፖዚሽን ኢ የሚባል ሐሳብ ለሕዝብ ቀረበ። ወደ 79 በመቶ የሚሆነው መራጭ ደገፈው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ከተማው የመንገድ ዛፎቹን ሁሉ ተረከበ። ለዚህም በየዓመቱ 19 ሚሊዮን ዶላር ከከተማው በጀት ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ገንዘቡ ከከተማው ገቢ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚያው ጊዜ በተደረገው ቆጠራ ወደ 125 ሺህ የመንገድ ዛፍ ተመዘገበ። ዛፍ የጎዳውን የእግረኛ መንገድ መጠገንም ወደ ከተማው ዞረ። ዛፌን ራሴ ልያዝ የሚል የቤት ባለቤት ካለ አመልክቶ መያዝ ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህን ያህል ሰው የተስማማበት ሐሳብ በፖለቲካ ውስጥ ብዙ አይገኝም። ቀኙም ግራውም፣ ሀብታሙም ድሃውም «ይህስ የጋራ ነው» አለ። የውኃ ቧንቧና የመንገድ መብራት ከቤታችሁ ፊት ስለቆመ እናንተ ጠግኑት አይባልም። ዛፉም እንደዚያ ነው። ጥላው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ነው፣ የዝናቡን ጎርፍ የሚቀንሰውም ለሰፈሩ ሁሉ ነው።

ሥራው ሁሉ አልቋል ማለት አይደለም። ገንዘቡ ለእንክብካቤ የተመደበ እንጂ አዲስ ዛፍ ለመትከል አይደለም። ሳንፍራንሲስኮ ደግሞ የዛፍ ጥላ ሽፋኗ 13.7 በመቶ ገደማ ነው። ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች መካከል ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። የመከርከሙ ዕዳ ተቃለለ፣ የመትከሉ ገና ነው።

ሎስ አንጀለስ የሌላውን አማራጭ ውጤት አሳይታለች፤ ማለትም ማንም ካልያዘው ምን እንደሚሆን። በ1970ዎቹ ከተማው በዛፍ ሥር የተጎዳውን የእግረኛ መንገድ «እኔ እጠግናለሁ» ብሎ ከባለቤቶች ላይ አነሳ። የፌዴራል ገንዘብ ነበረው። ገንዘቡ ሲያልቅ ግዴታው ቀረ፣ ጥገናው ግን ቆመ። ለአሥርት ዓመታት መንገዱ ተቆለለ፣ ተሰነጠቀ። በመጨረሻ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ከሰሱ። በ2016 በጸደቀው ስምምነት ከተማው በ30 ዓመት ውስጥ ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ለእግረኛ መንገድ ጥገና ሊያወጣ ተስማማ። ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ በእግሩ የሄደ ሰው ይህ ጉዳይ የሩቅ ወሬ አይሆንበትም።

ሙቀቱ የት ይበረታል?

ኃላፊነቱን በየቤቱ መበተን ለምን ጥሩ እንዳልሆነ ከገንዘቡ በላይ የሚያሳየው ሙቀት ነው። በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት የቤት ብድር ካርታዎች ሲሠሩ ጥቁሮችና ስደተኞች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በቀይ ተቀለሙ። ብድር አልደረሳቸውም። በ2020 የታተመ ጥናት 108 ከተሞችን መረመረ። ያን ጊዜ በቀይ የተቀለሙት ሰፈሮች ዛሬ በአማካይ ወደ 2.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጥ ይሞቃሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ የዛፍ ማነስ ነው። የእኛ ሰው በብዛት የሚሰፍረው ደግሞ ኪራዩ በሚቀመስበት፣ መንገዱ ሰፊ፣ ዛፉ ጥቂት በሆነበት በኩል ነው።

ሲያትል በሰኔ 2021 መጨረሻ 42 ዲግሪ ገባች። ብዙ ቤት ኤሲ የለውም። በዚያ ሳምንት ጥላ ያለው መንገድና ጥላ የሌለው መንገድ ልዩነቱ የኑሮ ምቾት ብቻ አልነበረም። ከተማዋ ግን በ2016 እና በ2021 መካከል 255 ኤከር የዛፍ ሽፋን አጣች፤ ሽፋኑ ከ28.6 ወደ 28.1 በመቶ ወረደ። ዓላማዋ በ2037 30 በመቶ መድረስ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ መቀነሱ ግን በሁሉም ሰፈር እኩል አልሆነም። አቅም ባላነሰበት ሰፈር ዛፍ ሲሞት ይተካል። አቅም ባጠረበት ጉቶው ይቀራል።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችሁ ፊት እንመለስ። ደንቡ እስኪለወጥ ድረስ ዛፉ እዚያው ቆሟል፤ ለእሱም መጠየቁ አይቀርም።

ኮንክሪቱን ያነሳው ሥር

ሥር ኮንክሪት ሰብሮ የሚገባ ይመስለናል። አይደለም። ከኮንክሪቱ በታች እርጥበትና አየር ስላለ በዚያ በኩል ቀጭን ሆኖ ያልፋል፤ ከዚያ በየዓመቱ ሲወፍር ኮንክሪቱን ቀስ ብሎ ያነሳዋል። ሁለቱ የኮንክሪት ሰሌዳዎች የሚገናኙበትን ቦታ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። በአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መመዘኛ ከግማሽ ኢንች፣ ማለትም ከ1.3 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በላይ የሆነ ብልጫ እንዲሁ ሊተው አይችልም። ይህ የጣት ስፋት አይሞላም። ጋሪ የሚገፋ ወላጅና ከዘራ የያዙ አዛውንት የሚደናቀፉት እዚያ ላይ ነው።

እዚህ ጋ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ኮንትራክተር ጠርቶ «ሥሩን ቁረጥልኝ» ማለት ነው። ከግንዱ አጠገብ ያለ ወፍራም ሥር ዛፉን መሬት ላይ የሚይዝ ነው። በአንድ በኩል ተቆርጦ ኮንክሪት ይፈሰስበታል፣ ዛፉ ለጊዜው ደህና ይመስላል። ከዚያ በኋላ ነፋስና ዝናብ ሲመጣ በተቆረጠው ተቃራኒ በኩል ይገነደሳል። ፈቃድ ከሌላችሁ ደግሞ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ሌሎች መንገዶች አሉ። የወጣውን ጠርዝ በማሽን መፍጨት፣ በአስፋልት ለስላሳ ዘንበል መሥራት፣ የእግረኛ መንገዱን ትንሽ ማጠፍ፣ የዛፉን ጉድጓድ ማስፋት። የትኛው እንደሚሆን ከከተማው የዛፍ ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ። ብዙ ከተሞች ባለሙያ ልከው ያያሉ።

መከርከምን በተመለከተ አንድ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ አለ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል። ከጉቶው አራት አምስት ግንድ ያወጣል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለአጥርም ለማገርም ይደርሳል። አዲስ አበባ በዚህ ዛፍ ነው የሞቀችው። ስለዚህ «ዛፍ አይሞትም፣ ጫፉን ቁረጠው፣ ይለመልማል» የሚለው ለኛ ልምድ ነው። ሜፕል ወይም ኦክ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ጫፉ የተቆረጠ ሜፕል በድንጋጤ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያወጣል። ቅርንጫፎቹ ላይ ላዩን ብቻ የተጣበቁ ናቸው፣ ሲወፍሩ ይገነጠላሉ። በተቆረጠው በኩል ደግሞ መበስበስ ይገባል። «እጠርብልሃለሁ» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሠራተኛ ርካሽ ቢሆንም፣ የሥራ ፈቃድና ኢንሹራንስ ማሳየት ካልቻለ ይለፋችሁ። ከዛፉ ላይ ቢወድቅ ጉዳዩ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ዲሲ ውስጥ ለምሳሌ በግል ግቢ ያለ ዛፍ እንኳን ዙሪያው 44 ኢንች፣ ወደ 112 ሴንቲሜትር፣ ከደረሰ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። ዙሪያው 100 ኢንች የደረሰና አደገኛ ያልሆነ ዛፍ ደግሞ በፈቃድም አይቆረጥም። ቅጣቱ የሚሰላው በየኢንቹ ነው። ቤት ገዝቶ ለመኪና ማቆሚያ ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ዛፍ የቆረጠ ሰው ሰኞ የሚደርሰው ሒሳብ የመኪና ዋጋ ሊሆን ይችላል።

መተካት

ዛፉ ሞቶ ተቆረጠ እንበል። በብዙ ከተሞች የመቁረጫው ፈቃድ ላይ የመተካት ግዴታ አብሮ ይጻፋል። ሰው ቶሎ የሚረሳው ይህን ነው። ጉቶውን ጥሎ ሣር ይዘራበታል፣ ከዓመት በኋላ ማሳሰቢያ ይመጣል።

ጉቶው በማሽን ይፈጫል። ከመቆፈራችሁ በፊት ግን 811 ደውሉ። በመላው አሜሪካ ነፃ ነው። የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሮቹ ያሉበትን መጥተው በቀለም ምልክት ያደርጉላችኋል። ከጥቂት የሥራ ቀናት በፊት መደወል ያስፈልጋል። ዝርያውን በምርጫችሁ ብቻ አትወስኑም፤ ከተማው የተፈቀዱ ዛፎች ዝርዝር አለው። ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ ወይ? የሣሩ ስፋት ስንት ነው? ሽቦ ካለ አጭር ዛፍ ነው። ሣሩ ከጠበበ ትልቅ ዛፍ የልጆቻችሁን ኮንክሪት ያነሳል። ሁሉም ጎረቤት አንድ ዓይነት እንዳይተክል ደግሞ ተመካከሩ። አሽ ያለቀው ጢንዚዛው ስለበረታ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ሙሉ አሽ ብቻ ስለተተከለም ነው።

የሚተከልበት ጊዜ መጸው ነው፤ ቅጠል ረግፎ መሬቱ በብርድ ሳይጠነክር። ከችግኝ ጣቢያ የሚመጣው ዛፍ ሥሩ በጆንያና በሽቦ ቅርጫት ታስሮ ነው። ብዙ ሠራተኛ እንደታሰረ ይቀብረዋል። ጉድጓድ ውስጥ ካቆማችሁት በኋላ ከላይ ያለውን ሽቦና ጆንያ፣ በተለይ ግንዱ ላይ የታሰረውን ሲባጎ፣ ቁረጡ። ሲባጎው ካልተፈታ ዛፉ ሲወፍር ያንቀዋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ያለ ምክንያት ደረቀ የሚባለው አንዳንዱ ዛፍ በዚህ የሞተ ነው። ግንዱ ሥር ላይ ሲደርስ ሰፋ የሚልበት ቦታ አለ። ያ ስፋት ከአፈር በላይ መታየት አለበት። ሙልች የሚባለውን የተፈጨ እንጨት ደግሞ በግንዱ ዙሪያ እንደ ክምር አትቆልሉት። ቅርፊቱ እርጥበት ይይዝና ይበሰብሳል። ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ ዘርጉት።

ከዚያ ውኃ። የዲሲ የከተማ ደን ክፍል አዲስ ዛፍ በሳምንት 25 ጋሎን ይጠጣ ይላል። ወደ 95 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 5 ሊሞላ ጥቂት ነው የሚጎድለው። ይህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ነው። በቱቦ በአንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁት ወደ መንገድ ይፈሳል። ለዚህ ነው ግንዱ ላይ እንደ ጃኬት የሚጠለቅ የውኃ ከረጢት ያለው። 20 ጋሎን ያህል ይይዛል፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች በሰዓታት ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። አንዳንድ ከተሞች በነፃ ይሰጣሉ። ዲሲ ዛፉን ለማጠጣት ለተመዘገበ ነዋሪ የውኃ ማንጠባጠቢያ ትሰጣለች። ሲያትልም ነዋሪዎች እንዲተክሉ ዛፍ የሚሰጥ ፕሮግራም አላት። ነፃ ዛፍ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የብዙ መቶ ዶላር ጥያቄ ነው፤ ሳትጠይቁ አትግዙ።

ድጋፍ የሚሆን ካስማ ከታሰረ ከዓመት በኋላ ፍቱት። ነፋስ ሲያወዛውዘው ነው ግንዱ የሚጠነክረው።

ተከራይ ከሆናችሁ ዕዳው የባለቤቱ ነው፤ የኪራይ ውሉን ግን አንብቡ፣ ውኃውን ወደ እናንተ ሊያዞር ይችላል። ኤች.ኦ.ኤ. (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ባለበት ሰፈር ደግሞ ከከተማው በላይ ሌላ ደንብ አለ። አንዳንዱ ማኅበር ዛፉን ራሱ ይንከባከባል፣ አንዳንዱ ዝርያ ሳይቀር ይመርጥላችኋል። ከከተማው ፈቃድ ማግኘት ከማኅበሩ አያድንም።

ይህን ሁሉ ለመጠየቅ እንግሊዝኛ እንዲያግዳችሁ አትፍቀዱ። በተለይ ወላጆቻችሁ ቤቱን የሚጠብቁ ከሆነ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪውን በአስተርጓሚ ማስተናገድ አለባቸው። ሲያትልም አማርኛን ከዋና ዋና የአገልግሎት ቋንቋዎቿ ውስጥ ታስገባለች። ስልኩ ላይ «አማርኛ» በሉ፣ ጠብቁ።

ስትደውሉ የጥያቄውን ቁጥር ጻፉ፣ ዛፉንም ቀኑን በሚያሳይ መንገድ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ከተማው የሚንከባከበው ዛፍ ቅርንጫፍ ነገ መኪናችሁን ቢመታ፣ አስቀድማችሁ ማሳወቃችሁን የሚመሰክርላችሁ ያ ቁጥር ነው። ጊዜውም አጭር ነው። ዲሲን ለመክሰስ የሚያስብ ሰው ጉዳቱ በደረሰ በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ካሊፎርኒያ ውስጥም ለአካል ጉዳትና እንደ መኪና ላለ ንብረት ጉዳት ለከተማው አስተዳደር የሚቀርበው ጥያቄ እንዲሁ በ6 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የከተማው ቢሆን እንኳን መጠየቅ እጅግ ከባድ ይሆናል።